የካርዱ ጀርባ

አቶ ማስረጃን በዚህ ስም የጠሩት እናቱ አይደሉም። ስሙን ያወጡለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ናቸው። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ከውጭ ገብታ «ዝናቡ አይጣል ነው!» ብትል፣ «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አላት። ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «እሱ የሚያስረዳው ጃንጥላው መርጠቡን ነው» አላት፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። ያን ቀን የወጣለት ስም ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እውነተኛ ስሙን ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም።

የሚሠራው መዝገበ ቃላት የሚዘጋጅበት ቤት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ረጅም ክፍል ሲሆን፣ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በትናንሽ የእንጨት መሳቢያዎች ተሸፍኗል። በየመሳቢያው ካርዶች አሉ፤ በየካርዱ ላይ አንድ ሰው የሆነ ቦታ፣ የሆነ ቀን የተናገረው ወይም የጻፈው ዐረፍተ ነገር አለ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ሲያከራክር መሳቢያው ይሳባል፣ ካርዶቹ ይነበባሉ፣ ክርክሩ ይዘጋል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ምሳሌ መፍጠር ክልክል ነው። ሰው ያላለውን አለ ማለት፣ አቶ ማስረጃ እንደሚለው፣ በሐሰት ከመመስከር አይለይም።

ካርዶቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያው እትም ሲዘጋጅ፣ «የምታውቁትን ቃል ከነአነጋገሩ ጽፋችሁ ላኩልን» ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። አገሩ ሁሉ የሚለው ነበረውና ደብዳቤ ጎረፈ። የመጻፊያ ወረቀት ግን በቤቱ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ደብዳቤው ሲደርስ ፖስታው ጀርባ ላይ የገቢ ማኅተም ትመታና ቅርጫት ውስጥ ትጨምረዋለች። ተራው ሲደርስ ከፍታ ደብዳቤውን ለአዘጋጆች ትሰጣለች፤ ባዶውን ፖስታ በመገጣጠሚያው ተርትራ ትዘረጋዋለች፣ ለአራት ትቆርጠዋለች፣ ንጹሑ የውስጥ ገጽ ካርድ ይሆናል። በዚህ የተነሣ ከካርዶቹ ግማሾቹ ፊታቸው ቃል፣ ጀርባቸው ደግሞ የማይታወቅ ሰው አድራሻ ነው። ጀርባውን ማንም አይገልጥም። «የሰው አድራሻ ምን ይሠራልናል?» ይላል አቶ ማስረጃ፤ እሱ ያለው ደግሞ እዚያ ቤት ውሎ ሲያድር ደንብ ይሆናል።

አሁን ሁለተኛው እትም እየተዘጋጀ ነው። ሰኞ ጠዋት «ከለሰ» የሚለው ግስ ተራ ደረሰ። መደባለቅ የሚለው ትርጉሙ ባለፈው ሳምንት ያለ ጠብ አልፏል። የቀረው፣ ያዩትን ነገር ደግሞ የማየቱ ትርጉም ነበር።

ትርጉሙን ያረቀቀችው በጎኑ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራው አዘጋጅ ናት። ዐሥር ዓመት ስታስተምር ቆይታ የመጣች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ለአቶ ማስረጃ አክብሮት ያላት ግን ፍርሃት የሌላት ሴት ናት። እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ከለሰ፦ ቀድሞ ያየውን ነገር፣ ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደግሞ አየ።» አቶ ማስረጃ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣና መሐሉን ሰረዘው።

«ምነው ጋሼ፣ ምን አደረግኩዎት?»

«እኔን ምንም። ‹ተሳስቼ ይሆናል ብሎ› የሚለውን ከየት አመጣሽው?»

«ካልተጠራጠረ ለምን ደግሞ ያያል?»

«እርግጠኛ ለመሆን።»

«እርግጠኛ ከሆነ እርግጠኛ ለመሆን ያያል?»

«እኔ ጠዋት በሬን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እጀታውን እሞክረዋለሁ። በየቀኑ። አንድም ቀን ሳይቆለፍ አግኝቼው አላውቅም።»

«እንግዲያ ምን ያመላልስዎታል?»

«መቆለፉን ለማየት ነዋ!»

ዋና አዘጋጇ ጠብ በሸተታት ቁጥር የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ከክፍሏ ብቅ የምትል ሴት ናት። አሁንም ብቅ አለች። ሁለቱንም አዳመጠች፣ ሻይዋን ፉት አለች።

«ካርድ ያለን ለምን ሆነና?» አለች። «አንድ ሰው ከልሶ፣ መሳሳቱን ያገኘበት አንድ ካርድ፣ ምንጩ የታወቀ፣ ካለ የእሷ ይቆማል። ከሌለ የእርስዎ። ሐሙስ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል።»

አቶ ማስረጃ ደስ አለው። ካርድ ባለበት ሁሉ እሱ ቤቱ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ወጥቶ እሱ ብቻ ዳቦውን እየገመጠ ሳለ፣ አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆመች። በአገጯ አወቃት። የእህቱ ልጅ ናት። ለመጨረሻ ጊዜ ያያት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው።

«አጎቴ፣ አወቁኝ?» አለችው።

የገዛ እህቱ ልጅ «አወቁኝ» ስትለው ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አወቅሁሽ» አላት። «ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። «እማዬ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ትሄዳለች» አለች። «ቤቷን ለቀናል። ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ካላት ቆይቷል፣ ብቻዋን ልተዋት አልችልም። እኔ ያለሁበት ደግሞ ሩቅ ነው፤ ባሕር ማዶ ነው። ከሄደች አትመለስም። እሷም ታውቀዋለች። እስከ ቅዳሜ እዚሁ ከተማ ክፍል ተከራይተን ነው ያለነው።»

«መልካም መንገድ በያት።»

«እርስዎ ራስዎ ቢሏትስ?»

«የእናትሽና የእኔ ጉዳይ ተመርምሮ ያለቀ ነው።»

«ማን መረመረው?»

«እኔ።»

ልጅቷ ቁራጭ ወረቀት ላይ አድራሻ ጽፋ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠችና ወጣች። አቶ ማስረጃ የቀረውን ዳቦ ጠቀለለው፤ የምግብ ፍላጎቱ ተዘግቶ ነበር፤ ለምን እንደተዘጋ ግን አልመረመረም።

ተመርምሮ ያለቀው ጉዳይ ይህ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እናቱ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ በሚያስኬድ ከተማ፣ ታላቅ እህቱ ጋ ይኖሩ ነበር። ያኔ እነሱ ቤት ስልክ የለም፤ እሱም ቤት ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይር እህቱ የምታውቀው የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሰው መጥቶ እናቱ ማረፋቸውን ነገረው። ተሳፍሮ ሲደርስ ቀብሩ አልፏል። እህቱ ደጅ ላይ አንገቱን አንቃ ይዛ «ምነው ቀረህ? ጻፍኩልህ እኮ!» እያለች አለቀሰች። የደረሰው ደብዳቤ ግን አልነበረም። ለቀስተኛ በሞላበት ግቢ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ማስረጃው የታል?» አላት። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ በሌላ ቃል መጠየቅ አይችልበትም። እሷ ግን እጇን ከአንገቱ አወረደች።

ወደ ሥራ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። የእህቱ እጅ ጽሕፈት ነው። «እማዬ ታማለች። አንተን አንተን ትላለች። ሁሉን ትተህ ና» ይላል። ቀን የለውም። ወረቀቱን አገላብጦ አየ፣ መስኮት ላይ ዘርግቶ በብርሃን አየ። ከቀብር በኋላ የደረሰ፣ ቀን የሌለው ደብዳቤ! ለእሱ ከዚህ የሚወጣው ፍርድ አንድ ብቻ ነበር። እህቱ በጊዜው አልጻፈችም፤ በሰው ፊት ካፈረች በኋላ ግን ጽፌ ነበር ለማለት ስትል ጻፈችው። እናቱን ነፈገችው፣ በላዩ ላይ ዋሸችው። ፖስታው እንደተለመደው ተቆርጦ ነበር፤ እሱም የት ገባ ብሎ አልጠየቀም። የዘነበውን ዝናብ የማያምን ሰው ይህችን አመናት።

እህቱ ሁለት ጊዜ ሰው ላከችበት። የተላከውን ሰው አላናገረውም። ከዚያ እሷም ዝም አለች፣ ዝምታዋም ለእሱ ሌላ ማስረጃ ሆነለት።

ማክሰኞ ጠዋት የ«ከለሰ»ን መሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መቶ አርባ ስድስት ካርድ አለው። አንድ በአንድ ያነባል፣ ወደ ግራ ያስቀምጣል። «ተማሪዎቹ ለፈተና ትምህርታቸውን ከለሱ።» ወደ ግራ። «ኮሚቴው የቀድሞ ውሳኔውን ከልሶ አጸናው።» ወደ ግራ። «ማኅበሩ ደንቡን ቢከልሰው እንከን አጣለት።» ወደ ግራ። እስካሁን ባነበባቸው ካርዶች ውስጥ አሥራ አምስት ኮሚቴ ከልሷል፣ አሥራ አምስቱም አጽንቷል። አንዲት የገጠር ሴት ባሏን እንደገና ከልሳው ያው ሆኖ እንዳገኘችው ተናግራለች፤ ቃሏን ባሏ ራሱ ነው ጽፎ የላከው።

«እንዴት ነው፣ ተገኘ?» ትላለች ጎረቤቱ፣ ከራሷ ሥራ ቀና ሳትል።

«ወፍ የለም» ይላታል፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት።

ማክሰኞ እንዲህ አለፈ። ረቡዕ ጠዋት በቀኙ የቀሩት ጥቂት ካርዶች ብቻ ነበሩ። ከእነሱ አንዱን አነሣና አነበበ፦ «ሐኪሙ የበሽተኛውን የራጅ ፊልም ቢከልሰው የተሰበረው የቀኝ እጁ ሆኖ ተገኘ፤ የታሰረው ግን የግራው ነበር።»

አቶ ማስረጃ ፊቱ ጠቆረ። ካርዱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያደርግ ያዘው። የጎረቤቱ አንገት ረዘመ።

«ምን ይላል?»

«ምንም ቢል ምንጭ የለውም። ማን እንደተናገረው አልተጻፈም። አይቆጠርም።»

«ጀርባው ላይ ጽፈውት ቢሆንስ?»

«ምንጭ ጀርባ ላይ አይጻፍም።»

«እንግዲያ አለመጻፉን ይዩት!» አለችው። «የበሩን እጀታ ይሞክሩ የለ?»

ይህን ከሰማ በኋላ አለመገልበጥ አይቻልም። አቶ ማስረጃ ምንጭ አለመኖሩን አረጋግጦ ያንን ሐኪም ከነፊልሙ ከመዝገበ ቃላቱ ሊያስወጣው፣ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ካርድ ገለበጠ።

ምንጭ የለውም። ያለው ክብ ሐምራዊ ማኅተም ነው፦ ገቢ፤ ቀኑ፣ ወር በገባ በሦስተኛው፤ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ፣ እናቱ የሞቱበት። ከማኅተሙ ጎን በሰማያዊ ቀለም «ከእህትህ» ይላል። የመጨረሻው ፊደል ጭራ አለው። እህቱ ትምህርት ቤት ሳለች አስተማሪዋ በማስመሪያ እጇን እየመታ እንኳ ያላስጣላት ጭራ ነው።

ብዙ እህት አለ፤ ጭራም ማንም ሊጽፍ ይችላል። አቶ ማስረጃ በተረጋጋ እጅ በግራ የደረደራቸውን ካርዶች ሁሉ እየገለበጠ ማየት ጀመረ። ያኔም ሲሠሩ የነበሩት በ«ከ» የሚጀምሩትን ቃላት ስለነበር የዚያ ሰሞን ፖስታ ሁሉ የተቆረጠው ለዚህ መሳቢያ ነው። በሠላሳ ሰባተኛው ካርድ ጀርባ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ስምና የራሱን ስም፣ እነሆ ማንም የማይጠራውን ስሙን፣ በዚያው ሰማያዊ ቀለም አገኘው። ሁለቱን ካርዶች አገጣጠማቸው። መቀሱ ያለፈበት ጠርዝ ልክክ አለ።

እናቱ ያረፉት ወሩ በገባ በሃያ አራተኛው ቀን ነው። በጣቱ ቆጠረ፣ ሃያ አንድ ቀን። አንዴ እንደገና ቆጠረ። ሃያ አንድ።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ያኔም አሁንም የምትቀመጠው በዚያው ክፍል ጥግ ነው። ከእሱ ጠረጴዛ እስከ እሷ ቅርጫት አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ፀጉሯ ነጭ ከመሆኑ በቀር የተለወጠ ነገር የላትም። ካርዶቹን ፊቷ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ማኅተም ያንቺ ነው?»

መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። «የእኔ ነው።»

«በወሩ በሦስት ገብቶ፣ ለእኔ ከወር በላይ ቆይቶ ለምን ደረሰኝ?»

«ተራውን ሲጠብቅ ነዋ! ያኔ ቅርጫቱ ሞልቶ ወለሉ ላይ በከረጢት እንቆልል እንዳልነበር?»

«የግል ደብዳቤ እኮ ነው! ስሜ ተጽፎበታል! የግል ደብዳቤ እንዴት ተራ ይጠብቃል?»

ሴትዮዋ ሳትቸኩል ተነሣች፤ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ አንድ ፋይል አወጣች፤ ጣቷን በምራቋ እያራሰች ገለጠች፤ ወረቀቱን ወደሱ አዞረችው። ማስታወቂያ ነው። ከግርጌው የእሱ ፊርማ አለ። ያን ሰሞን አንዳንድ ብልጣ ብልጦች ቃላቸው እንዲቀድምላቸው ደብዳቤውን በሚያውቁት አዘጋጅ ስም ይልኩ ነበር፤ እሱ ደግሞ አድልዎ አይወድም። እንዲህ ሲል ጽፏል፦ «ለአዘጋጅ በስም የተላከ ቢሆንም እንኳ፣ ማንኛውም ደብዳቤ ተራው ሳይደርስ አይከፈትም፤ ለማንም አይሰጥም።» ይህን በጻፈ ቀን ኮርቶ ነበር። ዋና አዘጋጇ ሳትቀር አመስግናዋለች።

«‹ማንኛውም› በሚለው ሥር ሁለት ጊዜ ያሰመርክበት አንተ ነህ» አለችው ሴትዮዋ።

«እኔ እኮ የቃል ደብዳቤ ማለቴ ነበር እንጂ…»

«አንተ ‹ማንኛውም› ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካላወቅህ ማን ሊያውቅልህ ነው?»

አቶ ማስረጃ ካርዶቹን መልሶ ሰበሰበ። ሴትዮዋ ፋይሉን እያጠፈች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዴ መጥቼ ነግሬህም ነበር» አለች። «በስምህ ፖስታ አለ፣ የቃል አይመስልም ብዬህ። ቀና እንኳ ሳትል ‹ተራው ሲደርስ› አልከኝ።»

አላስታወሰውም። ቢሆንም ማስረጃ አልጠየቃትም።

ወደ ጠረጴዛው አልተመለሰም። ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ሲያለቅስ አያውቅበትም፤ ሳል የያዘው ሰው ይመስል ነበር። ሁለት ጊዜ ሰው «ውሃ ይምጣልህ?» ብሎት አለፈ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እህቱን በልቡ እየከሰሰ ኖሯል። ዳኛው እሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ እሱ፣ ምስክሩ እሱ፤ ተከሳሿ ሳትጠራ ፍርዱ አልቋል። ጥፋተኛው ደግሞ እሱ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዋና አዘጋጇ ፊት ቀረበ። ጎረቤቱም አብራው ቆማለች።

«የሐኪሙ ካርድ ምንጭ የለውም» አለ። «ደንብ ደንብ ነው፣ ወድቋል።»

«እንግዲያ የእርስዎ ትርጉም ይቁም?»

«አይቁም። ሌላ ካርድ አለኝ።»

በራሱ እጅ የጻፈውን ካርድ ሰጣት። «አንድ ሰው በእህቱ ላይ የፈረደውን ፍርድ ቢከልሰው ጥፋተኛው ራሱ ሆኖ አገኘው» ይላል። ምንጭ በሚለው ቦታ ሙሉ ስሙ፣ ቀኑ፣ «ደረጃው ላይ» የሚል ተጽፏል። ዋና አዘጋጇ አነበበችው።

«ጠረጴዛ ላይ የተፈጠረ ምሳሌ ነው?»

«ምነው በሆነ!» አላት።

ፈረመችበት። ጎረቤቱ ያረቀቀችው ትርጉም አንድ ፊደል ሳይነካ አለፈ። ከዋና አዘጋጇ ክፍል ሲወጡ ልትቀልድበት የነበረውን ቀልድ ሁሉ ዋጠችና «ሻይ ላምጣልዎት ጋሼ?» ብቻ አለችው።

ዐርብ ሁለቱን ካርዶች ይዞ ወጣ። ካርድ ከቤቱ ሲወጣ መፈረም ግድ ስለሆነ ፈረመ። «የተወሰደበት ምክንያት» በሚለው ሥር «ለላኪዋ ለማሳየት» ብሎ ጻፈ።

የተከራዩት ክፍል ምድር ቤት ነው። ልጅቷ በሩን ስትከፍት «አጎቴ!» አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም። ክፍሉ በሻንጣ ተሞልቷል። እህቱ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ ሹራብ እያጠፈች ነው። አርጅታለች። እንደምታረጅ ያውቅ ነበር፤ እንዲህ የእናታቸውን ፊት ይዛ እንደምታረጅ ግን አላሰበም።

«ግባ፣ ምን ቆመሃል? ብርድ ታስገባለህ» አለችው።

መንገዱን ሁሉ ሲያጠናው የመጣው ንግግር ነበረው። ተወው። ካርዶቹን ሹራቡ ላይ አስቀመጠላት። መነጽር ፈልጋ አደረገችና አየቻቸው።

«የእኔ ጽሕፈት ነው።»

«በሦስት ደርሷል፣ እትዬ። እማዬ ሳትሞት በፊት፣ በሃያ አንድ ቀን። ቅርጫት ውስጥ ነበር። ተራ ይጠብቅ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አልዋሸሽም። እኔ ነኝ የበደልኩሽ። በሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ።»

እህቱ ካርዱን ገለበጠችና ፊቱን አነበበች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«የታሰረው የግራው ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«እና እጁ ዳነለት?»

«ምንጭ ስለሌለው አይታወቅም።»

ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና በሹራቡ ዐይኗን ጠረገች። አቶ ማስረጃ ከሻንጣዎቹ በአንዱ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን አልተከራከርሽኝም?» አላት። «ለምን መጥተሽ አልጮህሽብኝም? ሃያ ሁለት ዓመት!»

«በምን ልከራከርህ? ማስረጃ አልነበረኝም።»

ልጅቷ ሻንጣ መዝጋቷን አቆመች። አቶ ማስረጃ ከመምጣቱ በፊት እጅግ የፈራውን ጥያቄ ጠየቀ።

«እማዬ ጠየቀችኝ?»

«በየቀኑ።»

«ምን ትያት ነበር?»

«መጀመሪያ ‹ደብዳቤው አልደረሰው ይሆናል› እላት ነበር። ቀጥሎ ‹ፈቃድ ከልክለውት ነው› አልኳት። መጨረሻ ላይ ዐይኗ ማየት ተወ። ነፍሷ አልወጣ አላት፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ‹እሱ ነው?› ትላለች።» እህቱ ሹራቡን እንደገና ዘርግታ ማጠፍ ጀመረች። «አንድ ቀን ጎረቤታችን ያለው አናጢ ሊጠይቃት ገባ። በአንተ ዕድሜ ነው። እሷም ‹እሱ ነው?› አለች። እኔ… ‹አዎ፣ መጣ› አልኳት። ሰውየውን በዐይኔ ለመንኩት። ቁጭ አለና እጁን ሰጣት። አንተ ዋሸችኝ ብለህ ስትፈርድብኝ፣ የዋሸሁትስ እሷን ነው እል ነበር በልቤ።»

«አመነችሽ?»

«እጁን ይዛ ዳሰሰችው። የአናጢ እጅ ታውቀዋለህ፣ ኮረት ነው። ‹የልጄ እጅ እኮ ለስላሳ ነው› አለች። እንደገና አገላብጣ ዳሰሰችው፣ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ማየት አትችልም፣ ግን ያየችኝ ነው የመሰለኝ። ‹ይሁን፣ እሱ ነው› አለችኝ። ‹ደክሞታል፣ አንጥፊለት።›»

አቶ ማስረጃ የራሱን እጅ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አየው። እንደ ድሮው ለስላሳ ነው። እህቱ የሚያየውን አየች፤ ሹራቡን አስቀመጠችና እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።